ምጣድ፣ ስፒና እና 17 አምፒር

ሰፈር ውስጥ የኮረንቲ ነገር ሲነሳ ሁሌ የምሰማት አንድ አባባል አለች፣ "ቮልቱ ከፍ ብሎ ነው ያቃጠለው"። ሶኬት ቀለጠ፣ ቮልቱ ነው። ዲቫይደር ጠቆረ፣ ቮልቱ ነው። ምጣድ ተቃጠለ፣ እሱም ቮልቱ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃይሉ ዘሎ መጥቶ ቲቪና ፍሪጅ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ። ማድቤት ውስጥ ግን አብዛኛው ነገር የሚቃጠለው ቮልቱ 220 ላይ ቁጭ ባለበት ነው። የሚያቃጥለው አምፒሩ ነው፣ እሱም የላላ ወይ የቀጠነ ቦታ ሲያገኝ።

ይሄን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሁለት ቁጥር ካገኛችሁ፣ ቮልትና አምፒር፣ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው፣ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። እኔ ይሄን ለመፃፍ የተነሳሁት እናቶቻችንና እህቶቻችን በየሳምንቱ ወደ 4000 ዋት የሚጠጋ ነገር ፊት ቆመው ስለሚጋግሩ ነው፣ ከቤታችን እቃ ሁሉ ይበልጥ ኮረንቲ የሚበላው እሱ ሆኖ ሳለ ስለሱ የምንጠይቀው ግን ሞቀ ወይስ አልሞቀም ብቻ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ሂሳቧን ላስቀምጥና ወደ ማድቤት እንገባለን። ቮልት ለአምፒር ሲካፈል ኦም ይሰጣል፣ ይሄ ሬዚስታንስ ነው። ቮልት በአምፒር ሲባዛ ዋት ይሰጣል፣ ይሄ ፓወር ነው፣ በየሰከንዱ ወደ ሙቀት ወይ ወደ ሌላ ስራ የሚቀየረው ሃይል መጠን። አለቀ። ሌሎቹ ተማሪ ቤት በቃላችን የያዝናቸው ፎርሙላዎች ሁሉ ከነዚህ ሁለቱ የሚወጡ ናቸው፣ አንዱን ሌላው ውስጥ ስትከቱት ዋት ማለት ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል ይሆናል፣ ወይም አምፒር በራሱ ተባዝቶ በኦም ሲባዛ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ አምፒር በራሱ ተባዝቶ በኦም። ወሬያችን ግማሹ እሷ ላይ ነው።

አሁን ምጣዱ። ገበያ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት አካባቢ ነው፣ እኔ 3800ን ልውሰድ። ከላይ የሚታየው ሸክላው ነው፣ ሸክላው በስሩ በኩል ዙሪያውን ቦይ ተፈልፍሎበት ቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተቀብሯል፣ ብዙ ጊዜ ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፣ ሬዚስታንሱ እሱ ነው። 3800 ለ220 ስታካፍሉት 17.3 አምፒር ይመጣል። 220ን ደግሞ ለ17.3 ስታካፍሉት 12.7 ኦም። በቃ፣ የምጣዳችሁን ሙሉ ፀባይ የሚናገሩት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው፣ 220 ቮልት፣ 17.3 አምፒር፣ 12.7 ኦም፣ 3800 ዋት። ከአራቱ ሁለቱን ካወቃችሁ ሌሎቹ ሁለቱ ይመጣሉ።

የኛ አገር ምጣድ ብዙው እዚሁ የሚሰራ ስለሆነ ዋቱ ላዩ ላይ ላይፃፍበት ይችላል፣ ቢፃፍም እውነተኛው ትንሽ ይለያል። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ክላምፕ ሜትር (ገመዱን በመንጋጋው አቅፎ አምፒር የሚለካው መሳሪያ) ያለው ሰው ቀላል ነው፣ ከሁለቱ ገመድ አንዱን ብቻ መንጋጋው ውስጥ አስገብቶ ያነባል (ሁለቱንም አብሮ ካስገባ የሄደውና የተመለሰው ይጣፋና ዜሮ ነው የሚያሳየው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ክላምፑ አይሰራም" ብሎ ይመልሰዋል)። ክላምፕ የሌለው ደግሞ ቆጣሪውን ይጠቀም። ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች አይደል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ቁጥሩ ተፅፏል፣ 1000 ሊሆን ይችላል፣ 1600 ሊሆን ይችላል፣ የራሳችሁን እዩ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ፍሪጁንም ነቅላችሁ፣ ምጣዱን ብቻ አብሩና አንድ ደቂቃ ሙሉ ብልጭታውን ቁጠሩ። ቆጣሪው 1000 የሚል ሆኖ በደቂቃ 63 ጊዜ ብልጭ ካለች፣ 63 በ60 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 3.78 ኪሎዋት ነው፣ ማለትም 3780 ዋት። ለ220 አካፍሉት፣ 17.2 አምፒር። የማንም ገመድ ሳይነካ፣ ምንም ሳይፈታ አምፒሩን አገኛችሁት ማለት ነው። እኔ ይቺን ዘዴ በጣም ነው የምወዳት።

እና 17 አምፒር ካገኘን በኋላ ምን? በኋላማ ስፒናውን እናያለን።

ቤታችን ያለው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬትና ስፒና፣ ያ ወፍራሙ፣ የተሰራው ለ16 አምፒር ነው። 16 በ220 ሲባዛ 3520 ዋት። ምጣዱ 3800 ነው። ገና ከመጀመሪያው፣ እቃው አዲስ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ፣ ከአቅሙ በላይ ነው የተሰጠው፣ ያውም ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ሙሉ። ዲቫይደሩ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፣ ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ 10 አምፒር ይላሉ፣ 2200 ዋት ማለት ነው፣ ምጣድ እሱ ላይ መሰካት ከነጭራሹ መታሰብ የለበትም።

አንዲት ጎረቤታችን ጠርተውኝ "አንተ ልጅ፣ ምጣዱ ይሰራል ግን አንድ ነገር ይሸታል፣ እስቲ እየው" አሉኝ። ስፒናው ሲነቀል ያየሁት ነገር ለዚህ ሁሉ ወሬ ትልቁ ማስረጃ ነው። ከሁለቱ እግሮች አንደኛው ንፁህ ነው፣ የሚያብለጨልጭ። ሌላኛው ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ አብጧል፣ ሶኬቱም ላይ የተቃጠለው የዛው ወገን ቀዳዳ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፣ በሁለቱም እግር የሚያልፈው አምፒር አንድ አይነት ነው፣ በአንዱ የገባው በሌላው ነው የሚወጣው፣ 17 ከሆነ ሁለቱም ላይ 17 ነው። ቮልቱ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ አንዱን መርጦ አያቃጥልም ነበር። ልዩነቱ የተቃጠለው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ላልቶ እግሩን ጥብቅ አድርጎ አለመያዙ ነው፣ ሲላላ የሚነካካው ቦታ ያንሳል፣ ሬዚስታንስ ይፈጠራል።

ምን ያህል ሬዚስታንስ? ትንሽዬ፣ 0.1 ኦም በሉት፣ ተራ ቴስተር (መልቲሜትር) እንኳን በቅጡ አያነባትም። አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጧት፣ 17.3 በራሱ ሲባዛ 299፣ በ0.1 ሲባዛ 30 ዋት አካባቢ። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ 30 ወይ 40 ዋት ነው፣ እሱን ሶኬቱ ግድግዳ ውስጥ ቀብራችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ለኩሳችሁ እንደተዋችሁት ቁጠሩት። እዛው ሶኬት ላይ ቲቪ ብትሰኩ፣ 100 ዋት ቢሆን 0.45 አምፒር ነው፣ 0.45 በራሱ ተባዝቶ በ0.1፣ 0.02 ዋት፣ ምንም። ለዚህ ነው "ይሄ ሶኬት እኮ ለዓመታት ቲቪ ሲሰራበት ነበር፣ ምንም የለውም" የሚለው ክርክር የማያስኬደው። አምፒሩ በራሱ ስለሚባዛ፣ አምፒር 40 እጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ 1600 እጥፍ ነው የሚጨምረው።

ሌላው ሰው የማያስተውለው፣ ብሬከሩ ይሄን በፍፁም አያይም። ኮንታክት ሲፈጠር፣ ማለትም ሁለቱ ሽቦ በቀጥታ ሲነካካ፣ ኦሙ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ አምፒሩ በመቶዎች ይዘላል፣ ብሬከሩ ቶሎ ይወርዳል፣ ስራው ነው። የላላ ስፒና ግን ተቃራኒው ነው፣ 12.7 ላይ 0.1 ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፣ አምፒሩ እንደውም በጣም ትንሽ ወርዷል። ብሬከሩ የሚያየው ሰላማዊ 17 አምፒር ነው፣ ግድግዳው ግን እየጨሰ ነው። ስለዚህ "ብሬከር አለን አይደል" ብሎ መተኛት አይቻልም፣ በእጅ መንካት ነው፣ ከጋገራችሁ በኋላ ምጣዱን አጥፍታችሁ፣ ብሬከሩንም አውርዳችሁ፣ ስፒናውን ከላይ ፕላስቲኩን ንኩት። ሞቅ ያለ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ በዛ ሶኬት ከዚህ በኋላ አትጋግሩበት።

ለጎረቤታችን ያደረግነው ስፒናና ሶኬቱን ጭራሽ ማስወገድ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የወጣ ባለ 4 (ውፍረቱ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ) የመዳብ ገመድ፣ ለሱ ብቻ ባለ 25 አምፒር ብሬከር፣ ጫፉ ላይ ትልቁ ሰማያዊ ባለ 32 አምፒር ስፒና ከነሶኬቱ። ዋጋው ከተለመደው ይወደዳል፣ ግን ግድግዳ ከማሳደስ ይሻላል። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ግን እሳት መጥራት ነው፣ ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ ነው። አንዳንድ ሰራተኛ "እየወረደ አስቸገረ" ሲባል ባለ 16ቱን አውጥቶ ባለ 40 ይገጥምና ይሄዳል፣ ቤተሰቡም ተገላገልን ብሎ ይመርቀዋል። እባካችሁ ይሄን አትፍቀዱ።

ገመድ ካነሳን፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ማድቤቱ ከጓሮ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ ከፊት በር ጋ። መሃል 25 ሜትር ቢኖር ኮረንቲው ሄዶ መመለስ ስላለበት ገመዱ 50 ሜትር ነው። ባለ 1.5 የመዳብ ገመድ በሜትር 0.012 ኦም አካባቢ አለው፣ በ50 ሲባዛ 0.6 ኦም። አሁን ምጣዱና ገመዱ ተደምረው 13.3 ኦም ሆኑ፣ 220 ለ13.3 ሲካፈል 16.5 አምፒር። ገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልት 16.5 በ0.6፣ ወደ 10 ቮልት። ገመዱ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ 16.5 በራሱ በ0.6፣ 163 ዋት፣ በቆጣሪ ተቆጥሮ የተከፈለበት፣ እንጀራ ያልጋገረ። ባለ 4 ገመድ ቢሆን ኖሮ 0.22 ኦም አካባቢ ብቻ ነው፣ ብክነቱ ወደ 60 ዋት ይወርዳል። ገመዱ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ያ 163 ዋት መውጫ ስለሌለው እዛው ይጠራቀማል፣ ኤክስቴንሽን ጠቅልላችሁ ከባድ እቃ አትስሩበት የሚባለው ለዚህ ነው።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሌላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይጋግራል፣ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፣ ሃይል ይቀንሳል። ቮልቱን ብትለኩት 180 ልታገኙ ትችላላችሁ። 180 እና 220 ያን ያህል የሚራራቁ አይመስሉም፣ 18 ፐርሰንት ነው ልዩነቱ። ምጣዱ ጋ ስትመጡ ግን 180 በራሱ ሲባዛ 32400፣ ለ12.7 ሲካፈል 2550 ዋት አካባቢ። ከ3800 ወደ 2550። ከሙቀቱ አንድ ሶስተኛው ሄዷል። ያኔ ነው እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ "ሊጡ ነው፣ እርሾው ነው፣ ጤፉ ተቀላቅሏል" የሚባለው፣ ምስኪን ጤፍ ምንም አላጠፋም። እማዬ ሊጡን በጣም ከምትወቅስ መጀመሪያ አምፖሉ ደብዝዟል ወይ የሚለውን እንድታይ ነግሬያታለሁ፣ አሁን እሷ ራሷ "ዛሬ ሃይል የለም፣ ሌሊት እጋግራለሁ" ትላለች፣ 10 ሰዓት ሌሊት ላይ ሰፈሩ ሲተኛ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንጀራውም ዓይን በዓይን ይሆናል። ለዚህ ብላችሁ ግን ለቲቪ የተገዛ ባለ 1000 ስታብላይዘር ላይ ምጣድ እንዳትሰኩ፣ የሚችለው ሩቡን ያህል ብቻ ነው።

ስለ ጥገናም ትንሽ ልበል። የምጣድ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል፣ ጠጋኙ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ቆርጦ ይጠመዝዘውና ይሰራል፣ እንደውም "አሁን ከበፊቱ ይሞቃል" ይባላል። እውነት ነው ይሞቃል፣ ሂሳቡ ግልፅ ነው። ሽቦው አስር ፐርሰንት ቢያጥር ኦሙ ከ12.7 ወደ 11.5 አካባቢ ይወርዳል፣ 220 ለ11.5፣ 19.1 አምፒር፣ 4200 ዋት። ያው ስፒና፣ ያው ገመድ፣ አሁን 19 አምፒር። ሽቦውም ራሱ ከተሰራበት በላይ ስለሚግል ቶሎ ይበጠሳል፣ ደግሞ ይቆረጣል፣ ደግሞ ያጥራል። የተጠመዘዘበት ቦታ ደግሞ ራሱ የላላ ስፒና ማለት ነው፣ መጀመሪያ የሚግለው እሱ ነው። ስለዚህ ምጣድ አስጠግናችሁ ስትቀበሉ ስፒናው ሳይሰካ ሁለቱን እግር በቴስተር ኦም ላይ አስለኩ፣ 12 ወይ 13 ከሆነ ጥሩ፣ 11 እና ከዛ በታች ከሆነ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር በሉ። አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ነገር ናት።

ይሄ በቴስተር ኦም ለክቶ ዋት ማስላት ግን ለሁሉም እቃ አይሰራም። ኒክሮም ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም አይለወጥም፣ ለዛ ነው ምጣድና ስቶቭ ላይ የሚያዋጣው። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ብትለኩት ግን 40 ኦም አካባቢ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ 220 በራሱ ሲባዛ 48400፣ ለ40 ሲካፈል 1200 ዋት አካባቢ፣ ውሸት ነው፣ ሽቦው ተንግስተን ስለሆነ ሲበራና ሲግል 484 ኦም ይደርሳል። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕም ሞተር ስለሆኑ ቮልት በአምፒር ብቻ ማባዛት ትክክለኛውን ዋት አይሰጥም፣ ፓወር ፋክተር የሚባል ከአንድ ያነሰ ቁጥር አብሮ ይባዛል። አንድ በጣም አደገኛ ነገርም አለ፣ ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርጋችሁ ሶኬት ውስጥ አትክተቱ፣ ቴስተር አምፒር ላይ ሲሆን ኦሙ ዜሮ ማለት ይቻላል፣ እጃችሁ ላይ ኮንታክት እንደመስራት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ የሚነዝር ምጣድ ነው። "ትንሽ ትነዝራለች፣ ለምደናታል፣ ነጠላ ጫማ አድርገን ነው የምንጋግረው" ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። እንዴት እንደሆነ ላስላላችሁ። ሽቦውና የምጣዱ ብረት አካል መሃል ያለው ሸክላና መከላከያ ደረቅ ሲሆን ኮረንቲ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፣ ሊጥ ሲፈስበት፣ እርጥበት ሲጠጣ፣ ሲሰነጠቅ ግን ማሳለፍ ይጀምራል። ይሄ የሚያፈስበት ቦታ 200 ሺህ ኦም ቢሆን 220 ለ200 ሺህ፣ 1.1 ሚሊ አምፒር ነው፣ ሰው መንዘር የሚሰማው እዚህ አካባቢ ነው። ዛሬ ነዝሯችሁ ብቻ ያለፈው ያ 200 ሺህ ኦም መሃል ገብቶ ስለከለለላችሁ ነው። ነገ ሽቦው ተበጥሶ ብረቱን በቀጥታ ቢነካ የሚቀረው የሰውነታችሁ ሬዚስታንስ ነው፣ በእርጥብ እጅ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል፣ 220 ለ1000፣ 220 ሚሊ አምፒር፣ ልብ ለማቆም ከበቂ በላይ። ብሬከሩ ደግሞ 25 አምፒር ነው የሚጠብቀው፣ 0.22 አምፒር ለሱ ምንም አይደለም፣ ሰው ይዞ እያለ አይወርድም።

መፍትሄው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ቢኖሩ ነው ጥሩ። አንደኛ ቢጫና አረንጓዴው ገመድ፣ አርዚንግ የምንለው፣ ከምጣዱ ብረት ጋ በብሎን ጥብቅ ብሎ ታስሮ ግቢው ውስጥ እውነተኛ መሬት ድረስ መድረሱ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የአርዚንግ ብረቷ አለች፣ ከኋላ ግን ምንም ገመድ አልታሰረባትም፣ ከፍቶ ማየት ነው። ሁለተኛ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር፣ እሱ የሚያወዳድረው በአንዱ ገመድ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን ነው፣ ልዩነት ካየ በሰከንድ ክፍልፋይ ያጠፋል። የሚነዝር ምጣድ ላይ ይሄን ብታስገቡ አንዳንዴ ገና ስታበሩት ሊወርድባችሁ ይችላል። አትንቀሉት፣ ምጣዱን አስጠግኑ።

ይቺን ሂሳብ መጀመሪያ ያስቀመጠው ኦም ራሱ፣ ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም፣ የቁልፍ ሰራተኛ ልጅ ነበር፣ ኮሎኝ ከተማ ሂሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር፣ የተለያየ ርዝመትና ውፍረት ያለው ሽቦ እየለካ ነው እዚህ የደረሰው። እ.ኤ.አ በ1827 ሲያሳትመው አገሩ ላይ ብዙም ሰሚ አላገኘም፣ የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሰጠው በ1841 ነው። በዛው ሰሞን እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው ሙቀቱ አምፒር በራሱ ተባዝቶ በኦም መሆኑን በሙከራ ያሳየው።

የጁል ነገር ከማድቤት ውጪም ትልቅ ስራ ይሰራል። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር እስከ 2000 ሜጋዋት እንዲሸከም የተሰራ ነው፣ ቮልቱ በአንዱ ሽቦ ፖዘቲቭ 500 ሺህ በሌላው ኔጌቲቭ 500 ሺህ፣ መሃላቸው አንድ ሚሊዮን ቮልት። 2000 ሜጋዋትን ለአንድ ሚሊዮን ስታካፍሉት 2000 አምፒር ነው። በሩብ ሚሊዮን ቮልት ቢሆን ኖሮ 8000 አምፒር ይሆን ነበር፣ በተመሳሳይ ሽቦ ላይ ደግሞ ብክነቱ 4 እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ። ሰው ከፍተኛ ቮልት ያን ያህል ለምን አስፈለገ ሲል መልሱ አምፒሩን ለማሳነስ ነው።

ወጪውንም ላንሳ፣ ብዙ ሰው "አምፖል አጥፉ" እያለ ልጆች ላይ ይጮሃል። 3.8 ኪሎዋት ምጣድ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል ሲበራ 5.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ያንን ለመጨረስ ከ630 ሰዓት በላይ መብራት አለበት፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ አራት ወር። አምፖሉን ማጥፋት ጥሩ ነው፣ ግን ገንዘቡ ያለው ምጣዱ ጋ ነው፣ ሁለት ቀን ከፋፍሎ ከመጋገር አንዴ ካሞቁ በኋላ ሊጡን እስከሚያልቅ መጋገር፣ ማሞቂያውን ሁለቴ ከመክፈል ያድናል፣ ደግሞ እኛ ጋ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ። ከዛ ስትመጡ 120 ቮልት ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ወይ ካውያ አታምጡ፣ ባለ 1500 ዋቱ ማድረቂያ 9.6 ኦም ነው፣ 220 ላይ ሲሰካ 23 አምፒር፣ ከ5000 ዋት በላይ፣ ወዲያው ነው የሚሄደው። የስልክ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ስለሚል ችግር የለውም፣ ፅሁፏን ማንበብ ነው። ወደዛ ደግሞ የኛን ምጣድ ለመውሰድ የምታስቡ፣ 120 ላይ ስትሰኩት 120 በራሱ ለ12.7፣ 1130 ዋት ብቻ ነው፣ እንጀራ አይጋግርም። እዛ ያለው ተራ ሶኬት 15 አምፒር ስለሆነ ቢበዛ 1800 ዋት ነው የሚሰጠው፣ ለረጅም ሰዓት ደግሞ 1440፣ እዛ የሚሸጡት ምጣዶች 1500 ዋት አካባቢ የሚሆኑትና በየመሃሉ እስኪግሉ የሚያስጠብቁት ለዚህ ነው። የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ግን 240 ቮልት ነው፣ ብዙ ጊዜ 30 አምፒር። እሱ ላይ የኛ ምጣድ 18.9 አምፒር ይጎትታል፣ ወደ 4500 ዋት፣ ሽቦው ከለመደው 700 ዋት ይበልጣል ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ሲሰራላችሁ ኦሙን 15 አድርግልኝ በሉት ሰሪውን፣ 240 በራሱ ለ15፣ 3840 ዋት፣ 16 አምፒር። የኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ የነሱ 60 ኸርዝ መሆኑ (ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው) ለምጣድ ለውጥ የለውም፣ ሞተር የለውማ።